የውጭ ፍላሽ በመዝናኛ ፓርክ፦ የቤተሰብ ፎቶ ሳይጠቁርም ሳይነጣም ለማንሳት

ከመዝናኛ ፓርክ የሚመጡ የቤተሰብ ፎቶዎች በሁለት መንገድ ይበላሻሉ። ቀን የተነሱት ላይ ከኋላ ያለው ግንብና ሰማይ አምሮበታል፤ ኮፍያ ያደረጉት ልጆች ግን ዓይናቸው በጥላ ተውጧል። ማታ የተነሱት ላይ ፊት እንደ ኖራ ይነጣል፤ ያ ሁሉ ባለቀለም መብራት ደግሞ ደብዛው ይጠፋል። የውጭ ፍላሽ ገዝተው የሰኩ ሰዎችም ብዙ ጊዜ ከዚህ አያመልጡም፤ ፍላሹን እንደ ቤት አምፖል ሲጨልም ብቻ የሚበራ ነገር አድርገው ይይዙታልና። በፓርክ ውስጥ ፍላሽ አብልጦ የሚያስፈልገው በቀትር ነው። ማታ ደግሞ የሚያስቸግረው የፍላሹ ማነስ ሳይሆን መብዛቱ ነው።

ይህ መመሪያ ማኑዋል ሞድ (ሁሉን በእጅ የሚያስተካክሉበት) ላለው ማንኛውም ካሜራና አናቱ ላይ ለሚሰካ ፍላሽ ይሠራል።

## አንድ ፎቶ፣ ሁለት ብርሃን

ፍላሽ ሲጠቀሙ በአንድ ፎቶ ውስጥ ሁለት ብርሃን ይገናኛል፦ የአካባቢው (ፀሐይ፣ ሰማይ፣ የፓርኩ መብራት) እና የፍላሹ። ፍላሹ በርቶ የሚጠፋው ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ) ተከፍቶ ከሚቆይበት ጊዜ እጅግ ባጠረ ቅጽበት ነው። ስለዚህ፦

- የሹተር ፍጥነት የሚቀይረው ከኋላ ያለውን ትዕይንት ነው፤ የፍላሹን ብርሃን አይነካም።
- አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) እና አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ሁለቱንም ይቀይራሉ።
- የፍላሹ ኃይልና ከሰዎቹ ያለው ርቀት ፊትን ብቻ ይቀይራሉ።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሁሉ ከዚህ ይመነጫል፦ መጀመሪያ ከኋላ ያለውን ያስተካክሉ፣ ከዚያ ፊቱን። ገልብጠው ከጀመሩ አንዱን ባስተካከሉ ቁጥር ሌላው ይበላሽብዎታል።

## ደረጃ 1፦ ከቤት ሳይወጡ

### ፍላሹና ካሜራው ይግባባሉ?

መሰኪያው ላይ ስለገባ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። ለካኖን የተሠራ ፍላሽ ኒኮን ላይ ሊገባና በመሃለኛዋ ነጥብ በኩል ሊበራ ይችላል፤ ካሜራው ብርሃኑን ለክቶ ፍላሹን የሚያዝበት ቲቲኤል ግን አይሠራም። እንደ ጎዶክስ ያሉ አምራቾች ያንኑ ሞዴል ለካኖን፣ ለኒኮን፣ ለሶኒ ለየብቻ ያወጡታል፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ያረጋግጡ። የተሳሳተው ከእጅዎ ካለም መጣል የለበትም፤ በማኑዋል ኃይል ብቻ እንደሚሠሩበት አውቀው ይያዙት።

### የሲንክ ገደብዎን ይወቁ

በካሜራው ውስጥ ሁለት መጋረጃዎች አሉ፤ አንደኛው ይከፍታል፣ ሁለተኛው ተከትሎ ይዘጋል። ፍጥነቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ሁለተኛው መጋረጃ የመጀመሪያው ጨርሶ ሳይከፍት መዝጋት ይጀምራል፤ ያኔ ፍላሹ ቢበራ የፎቶው አንድ ክፍል በጥቁር መጋረጃ ተሸፍኖ ይወጣል። ይህ ልክ የሲንክ ገደብ ይባላል፤ በአብዛኞቹ ካሜራዎች 1/200 ወይም 1/250 ሰከንድ ነው፤ በአንዳንዶቹ 1/160 ነው። የካሜራዎን መመሪያ መጽሐፍ ከፍተው ቁጥሩን ያግኙና በቃልዎ ይያዙት፤ ቀኑን ሙሉ ይፈልጉታል። ከዚህ በኋላ 1/200 ስንል የእርስዎን ቁጥር ይተኩ።

### ካሜራው ላይ የሚስተካከሉ

1. ድምፅ አልባውን (ኤሌክትሮኒክ) ሹተር ያጥፉ። በአብዛኞቹ ካሜራዎች እሱ በርቶ እያለ ፍላሽ አይበራም። «ፍላሼ ተበላሸ» ከሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ ችግራቸው ይኸው ነው።
2. አውቶ አይኤስኦን ያጥፉ። ፍላሽ ሲሰካ አንዳንዱ ካሜራ ሳይጠየቅ አይኤስኦውን ከፍ ያደርጋል፣ በቀትርም ሰማዩን ያነጣዋል።
3. በሮው ፋይል (ካሜራው ያላቀነባበረው ሙሉ መረጃ) ያንሱ። ፊት ትንሽ ቢጠቁር በኋላ ማፍካት ይቻላል፤ በጄፔግ ግን ማስተካከያው ጠባብ ነው።
4. ካሜራዎ ሲ1 እና ሲ2 የሚሉ የማስታወሻ ሞዶች ካሉት የቀኑን አንዱ ላይ፣ የማታውን ሌላው ላይ ያስቀምጡ። ልጅ እየጎተተዎት ሜኑ ውስጥ መዞር አይቻልም።

### ባትሪ

ፍላሹ የሚወስደው 4 ኤኤ የባትሪ ድንጋይ ከሆነ ቻርጅ የሚደረገውን ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ይያዙ። ቮልቴጁ 1.2 ስለሆነ ከአልካላይኑ 1.5 ያነሰ ይመስላል፤ ነገር ግን ከፍተኛ ኃይል በአንድ ጊዜ መስጠት ስለሚችል ፍላሹ ቶሎ ይሞላል። አልካላይን በመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ጥሩ ነው፤ ከዚያ በሁለት ፎቶዎች መካከል የሚያስጠብቅዎት ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል።

ለአንድ ሙሉ ቀን 2 ስብስብ፣ ማለትም 8 ድንጋይ፣ ይበቃል። ስብስቦቹን በቁጥር ምልክት ያድርጉባቸው። አሮጌና አዲስ፣ ወይም የተለያየ ዓይነት ድንጋይ አይቀላቅሉ፤ ደካማው ጠንካሮቹን ይጎትታል፣ ሊያፈስም ይችላል። በአውሮፕላን የሚጓዙ ከሆነ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይደረግም።

### ቦርሳ ውስጥ

ካሜራ ከነአንድ ሌንስ (24–70 ሚሊሜትር ወይም ከካሜራው ጋር የመጣው በቂ ነው)፣ ፍላሽ፣ ነጭ የፕላስቲክ ቆብ (ዶም)፣ ግማሽ ጥንካሬ ያለው ብርቱካናማ ጄል (በፍላሹ ፊት የሚለጠፍ ባለቀለም ፕላስቲክ)፣ ትርፍ ባትሪ፣ ሁለት የሚታሸጉ የፕላስቲክ ከረጢቶች፣ የፊት ማድረቂያ ሶፍት። ጃንጥላ፣ የመብራት ማቆሚያና ትልቅ ትራይፖድ ይተዉ፤ ብዙ ፓርኮች በር ላይ ያስቀሩብዎታል፣ ቢያስገቡም ሰው ይሰናከልበታል። የሚሄዱበትን ፓርክ ደንብ አስቀድመው ያንብቡ።

### የ10 ደቂቃ ልምምድ

ከቤት ውጭ አንድ ሰው ፀሐይን በጀርባው አድርጎ ይቁም። ኮፍያ ያድርግ። አንዴ ያለ ፍላሽ፣ አንዴ በፍላሽ ያንሱት። ከዚያ ፍላሹን ሳይነኩ ሹተሩን ከ1/200 ወደ 1/100 ያውርዱና እንደገና ያንሱ። ሰማዩ ይፈካል፤ በፊቱ ላይ ያረፈው የፍላሽ ብርሃን ግን ያው ነው። ይህን በዓይንዎ ካዩ የቀረው ቀላል ነው።

## ደረጃ 2፦ አሰካክ

1. ካሜራውም ፍላሹም ጠፍቶ ሳለ ይስኩ።
2. እግሩን እስከ መጨረሻው ይግፉ፣ ቀለበቱን ወይም ማንሻውን ይቆልፉ። በግማሽ የገባ ፍላሽ አንዳንዴ ይበራል፣ አንዳንዴ አይበራም፤ ወይም በሙሉ ኃይል እየፈነዳ ሁሉንም ያነጣል።
3. መጀመሪያ ፍላሹን፣ ቀጥሎ ካሜራውን ያብሩ።
4. ፍላሹን ቲቲኤል ላይ ያድርጉ። «መልቲ» የሚባለውን ተከታታይ ብልጭታ በፓርክ ውስጥ በፍጹም አይጠቀሙ፤ በብልጭታ የሚጥል በሽታ የሚነሳባቸው ሰዎች አሉ።
5. የፍላሹ ዙም (ብርሃኑን የሚያጠብና የሚያሰፋው) አውቶ ላይ ይሁን። የፍላሹን ራስ ወደ ላይ ካዘነበሉት ዙሙ ከሌንሱ ጋር መሄዱን ያቆማል፤ ቀና ሲያደርጉት ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ከሌንስዎ ጋር መስማማቱን ይመልከቱ።

ሲራመዱ ካሜራውን በፍላሹ አንስተው አይያዙ። የፍላሹ አንገት የሚሰበረው በዚህ ነው። ሰልፍ ውስጥ ሲቆሙ ነቅለው ከረጢት ውስጥ ያስገቡት።

## ደረጃ 3፦ በቀትር ፀሐይ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ተረጋግተው ያንብቡት።

### ሀ. ሰዎቹን ያቁሙ

ቤተሰቡን ፊቱን ወደ ፀሐይ አያዙሩ፤ ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል። ፀሐይዋ ከኋላቸው፣ ቢቻል ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብላ ትሁን። ፊታቸው ጥላ ይሆናል፤ ያን ጥላ ፍላሹ ይሞላዋል። ፀሐይዋ አናት ላይ ከሆነችም ኮፍያ አያስወልቁ፣ አገጫቸውን ትንሽ ቀና ያድርጉ ይበሏቸው፤ ብርሃኑ ከኮፍያው ጠርዝ በታች ይገባል።

እርስዎ ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቀው ይቁሙ። ግንቡ ወይም ትልቁ መጫወቻ ሙሉ እንዲገባ ብለው ወደ ኋላ አይሽሹ፤ ሁላችሁም ከግንቡ ራቁ። ግንቡ ሩቅ በሆነ ቁጥር በሙሉ ይገባል፣ ሰዎቹም ከፍላሹ አይርቁም። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የፍላሹ ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳልና ይህችን አንድ ልማድ መያዝ ውድ ፍላሽ ከመግዛት ይሻላል።

### ለ. ከኋላ ያለውን ያስተካክሉ

1. ፍላሹን ያጥፉ።
2. ሞዱን ማኑዋል ያድርጉ፦ አይኤስኦ 100፣ ሹተር 1/200፣ አፐርቸር ኤፍ 11 (የኤፍ ቁጥር ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል)።
3. አንድ ፎቶ ያንሱ። በጠራ ፀሐይ ሰማዩና ግንቡ ትክክል ይሆናሉ፤ ሰዎቹ ይጠቁራሉ። ይህ የሚጠበቅ ነው።
4. ሰማዩ ከነጣ ኤፍ 13 ወይም 16፤ ደመና ካለ ኤፍ 8 ወይም 5.6። ሹተሩን አይንኩ።

### ሐ. ፊቱን ያስተካክሉ

1. ፍላሹን ያብሩ፣ ዶሙን ያውልቁ። ክፍት ቦታ ላይ ብርሃን የሚመልስ ግድግዳና ጣሪያ ስለሌለ ዶም ብርሃኑን ወደ ሰማይ ከመበተን በቀር ጥቅም የለውም።
2. የፍላሹን ማስተካከያ (የፍላሽ ኮምፔንሴሽን) −1 ያድርጉ። የካሜራውን ሳይሆን የፍላሹን፤ ሁለቱ በተለያየ ቁልፍ ላይ ናቸው።
3. ያንሱ፤ ስክሪኑን አጉልተው ዓይናቸውን ይመልከቱ።
4. ፊት ገና ጥቁር ከሆነ ወደ −0.3 ወይም 0 ያምጡ። ፍላሽ መሆኑ የሚያስታውቅ ከሆነ ወደ −1.7 ያውርዱ። ዓይን ውስጥ ትንሽ የብርሃን ነጥብ ኖራ ፊት ከአካባቢው በመጠኑ ጨለም ያለ ሲሆን ልኩ ደርሷል።
5. ላብ ይጥረጉ። ቀጥተኛ ፍላሽ ላብ ያለበት ግንባር ላይ ነጭ ነጥብ ያወጣል፤ በጠየም ቆዳ ላይ ደግሞ ይበልጥ ያስታውቃል፣ በኤዲቲንግም በቀላሉ አይጠፋም።
6. ቢያንስ 4 ፎቶ ያንሱ፤ በየመሃሉ የፍላሹ «ዝግጁ» መብራት እስኪበራ ይጠብቁ።

### ፍላሹ ይደርሳል?

የፍላሹን ጋይድ ነምበር (የኃይሉን መለኪያ ቁጥር) ለአፐርቸሩ ቁጥር ቢያካፍሉ በሜትር የሚደርስበትን ያገኛሉ (በአይኤስኦ 100)። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው 60 አያታልልዎ፤ እሱ ዙሙ 200 ሚሊሜትር ላይ ሆኖ ነው። ያው ፍላሽ 35 ሚሊሜትር ላይ 36 ገደማ ነው። ስለዚህ፦

- ኤፍ 11 ላይ፦ 3.3 ሜትር ገደማ
- ኤፍ 8 ላይ፦ 4.5 ሜትር
- ኤፍ 5.6 ላይ፦ 6.4 ሜትር

ጋይድ ነምበሩ 20 የሆነ ትንሽ ፍላሽ ኤፍ 11 ላይ ከ1.8 ሜትር አያልፍም። ትንሽ ፍላሽ የያዘ ሰው ይቅረብ፣ ወይም በቀትር የሕንፃ ጥላ ይፈልግ።

### ከኋላ እንዲደበዝዝ ከፈለጉ

ለዚህ አፐርቸሩ ሰፊ መሆን አለበት፤ በቀትር ኤፍ 4 ላይ ካነሱ ሹተሩ 1/1600 መሆን አለበት፤ ይህ ደግሞ ከሲንክ ገደቡ በላይ ነው። ያኔ ከገደቡ በላይ ፍላሹን የሚያሠራው ሃይ ስፒድ ሲንክ ያስፈልጋል። በካኖን ዘንድ ብዙውን ጊዜ ፍላሹ ላይ፣ በኒኮን ካሜራው ሜኑ ውስጥ «ኦቶ ኤፍፒ» በሚል ስም ይገኛል። ፍላሹ አንዴ ከመብረቅ ይልቅ ብዙ ጥቃቅን ብልጭታ ስለሚያወጣ ኃይሉ በጣም ይወርዳል፤ 1/1600 ላይ ትልቅ ፍላሽ እንኳ ከ2 ሜትር ብዙም አይርቅም። ለአንድና ለሁለት ሰው ይሆናል። ለ6 ሰው ቤተሰብ ግን አይሞክሩት፤ ወደ ፓርክ የመጣችሁት ፓርኩ እንዲታይ ከሆነ ግንቡን ማደብዘዙም ትርጉም የለውም።

## ደረጃ 4፦ ጥላና ጣሪያ ሥር

ከዛፍ ሥር፦ አይኤስኦ 400፣ 1/200፣ ኤፍ 5.6፣ ፍላሽ −1.3። ከቅጠል የሚወርደው የብርሃን ጠቃጠቆ ፊት ላይ ካረፈ ፍላሽ አያጠፋውም፤ ሰዎቹን ያንቀሳቅሱ።

ነጭና ዝቅ ያለ ጣሪያ ያለው ቦታ (ምግብ ቤት፣ መጠለያ) ካገኙ የፍላሹን ራስ ወደ ላይ አድርገው ወደ ጣሪያው ያብሩ፤ ብርሃኑ ለስልሶ ይወርዳል። አይኤስኦ 800 ያድርጉ፣ ማስተካከያውን 0። ጣሪያው ቀለም ካለው ፊትም ያን ቀለም ይይዛል፤ ይተዉት።

## ደረጃ 5፦ ሲመሽና ማታ

ምርጡ ሰዓት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያሉት ከ20 እስከ 30 ደቂቃዎች ናቸው፤ መብራቱ በርቷል፣ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ነው። ቦታ ቀድመው ይያዙ። ሰማዩ ጨርሶ ከጠቆረ በኋላ የተነሳው ፎቶ ምንም ቢደረግ ግማሹ ባዶ ጥቁር ነው።

### ቅደም ተከተል

1. ፍላሹን ያጥፉ። ማኑዋል፣ አይኤስኦ 800፣ ኤፍ 4፣ 1/30።
2. መብራቶቹን ብቻ ያንሱ። ከጨለሙ ወደ 1/15 ይውረዱ ወይም አይኤስኦውን 1600 ያድርጉ። የአምፖሎቹ ቀለም ወደ ነጭ ከተለወጠ ወደ 1/60 ይውጡ። በእጅ ይዘው ከ1/15 በታች አይውረዱ።
3. ዶሙን አሁን ይግጠሙ፤ ምክንያቱ ወዲያው ከታች አለ።
4. ፍላሹን ያብሩ፣ ማስተካከያው −1።
5. ክርንዎን ከጎንዎ ያጣብቁ፣ ትንፋሽ ይያዙ፣ ይጫኑ።
6. ለቤተሰቡ ከማንሳትዎ በፊት ይንገሩ፦ «ፍላሹ ከበራ በኋላም ሦስት እስክቆጥር አትንቀሳቀሱ»። ሰው ብልጭታውን እንዳየ ይበተናል፤ ሹተሩ ግን ገና ክፍት ነው፣ የሚሄዱት ሰዎች ጥላቸውን ጥለው ያልፋሉ።

### ፊት ለምን ይነጣል

ስሌቱ ይህ ነው። በአይኤስኦ 800 እና ኤፍ 4፣ 2.5 ሜትር ላይ ያለን ሰው ለማብራት ትልቅ ፍላሽ የሚያስፈልገው ከሙሉ ኃይሉ 1/100 ገደማ ብቻ ነው። አይኤስኦ 1600 ሲሆን 1/200 ይሆናል። አብዛኞቹ ፍላሾች ደግሞ ከ1/128 በታች አይወርዱም። ስለዚህ ማስተካከያውን −2 ቢያደርጉም −3 ቢያደርጉም ፍላሹ ሊታዘዝዎት አይችልም፤ ከዚያ በታች ኃይል የለውም። ማታ ዶም የሚደረገው ብርሃኑን ለማለስለስ ሳይሆን ለማዳከም ነው፤ ከ1 እስከ 2 ስቶፕ ይበላል (1 ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው)። ዶም ከሌለ የፍላሹን ሰፊ ማሰራጫ ፕላስቲክ ጎትተው ያውጡ፣ ወይም ዙሙን በእጅ 24 ያድርጉ፣ ወይም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይበሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ቲቲኤል ራሱ ነው። ካሜራው ከኋላ ያለውን ጨለማ አይቶ ብርሃን ይጨምራል፤ ፊት ለፊት ነጭ ቲሸርት ካለ ደግሞ ይቀንሳል። ውጤቱ ከፎቶ ፎቶ እየዘለለ ካስቸገረዎት ቲቲኤልን ትተው በማኑዋል 1/64 ይጀምሩ (ዶሙ ተገጥሞ፣ 2.5 ሜትር)። ከነጣ 1/128፣ ከጠቆረ 1/32። ርቀቱን እስካልለወጡ ድረስ ሁሉም ፎቶ አንድ ዓይነት ይወጣል። ማታ እኛ የምንመርጠው ይህንኑ ነው።

### የቀለም ግጭት

የፍላሽ ብርሃን 5500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) አካባቢ ነው፣ እንደ ቀን ብርሃን ማለት ነው። ከኋላ ያሉት አምፖሎች ቢጫ ከሆኑ ፊት ሰማያዊ፣ አካባቢው ብርቱካን ይሆናል። ግማሽ ጥንካሬ ያለውን ብርቱካናማ ጄል በፍላሹ ፊት ይለጥፉና ዋይት ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ሚዛን) 3800–4000 ኬልቪን ያድርጉ። መብራቱ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እየተቀያየረ የሚሄድ ኤልኢዲ ከሆነ ግን ጄሉን ያውልቁ፤ የሚገጥሙት ቀለም የለም፣ ፊቱ ጤነኛ መልክ ካለው በቂ ነው።

### የሚሽከረከር መብራት

የመጫወቻው መብራት መስመር እየሠራ እንዲታይ ከፈለጉ ሹተሩን ወደ 1/4 ያውርዱ፣ ካሜራውን አጥር ወይም ግንብ ላይ ያስደግፉ፣ ፍላሹን «ሪር ከርተን» (በሁለተኛው መጋረጃ) ያድርጉ። በቲቲኤል ከሆነ መጀመሪያ የመለኪያ ብልጭታ፣ መጨረሻ ላይ ዋናው ይበራል። ቤተሰቡ የመጀመሪያውን አይቶ «አለቀ» ብሎ ይንቀሳቀሳል፤ ሁለት ጊዜ እንደሚበራ አስቀድመው ይንገሯቸው።

## ደረጃ 6፦ ብዙ ሰው ሲሆን

- በሁለት ረድፍ ከሆኑ ረድፎቹን ያቀራርቡ። የፊተኛው 2 ሜትር፣ የኋለኛው 4 ሜትር ላይ ከሆነ የኋላው የሚያገኘው ብርሃን ሩብ ነው። እርስዎ ወደ 3.5 ሜትር ቢርቁና ረድፎቹ በግማሽ ሜትር ቢለያዩ ልዩነቱ አይታይም።
- ሕፃን ያቀፈ ሰው ወደ ኋላ ይሁን። ከ1 ሜትር ባነሰ ርቀት የሕፃን ፊት ላይ ፍላሽ አያብሩ።
- የገጸ ባሕሪ ልብስ ከለበሰ ሠራተኛ ጋር ሲያነሱ ትልቁ ጭንቅላት ልጁ ላይ ጥላ እንዳይጥል ልጁን ወደ ፊት አይደለም፣ ጎን ለጎን ያቁሙ። ነጭ ፀጉራም ልብስ ቲቲኤልን ስለሚያታልል +0.7 ይጨምሩ።
- መነጽር ያደረገ ካለ አገጩን በጥቂቱ ዝቅ ያድርግ ወይም ፊቱን ጥቂት ያዙር፤ ካሜራውን ሳይሆን ጎኑን ካየ ነጸብራቁ ይሸሻል።

ካሜራውን ለሌላ ሰው ሲሰጡ። አንሺው ሁልጊዜ ከፎቶው ይጎድላል። ሁሉንም ነገር ማኑዋል አድርገው፣ ከቆሙበት ሳይነቃነቁ አንድ የሙከራ ፎቶ አንስተው፣ አልፎ የሚሄደውን ሰው በዚያው ቦታ ያቁሙት። «እዚህ ቆመህ ይህን ብቻ ተጫን፣ ሦስት ጊዜ» ይበቃዋል። ዙሙን እንዳይነካ ይንገሩት።

## ፍላሽ የሚጠፋበት ቦታ

- ጨለማ ውስጥ የሚሄዱ መጫወቻዎችና የመድረክ ትርዒቶች። በአብዛኞቹ ፓርኮች ክልክል ነው፤ የተመልካቹን ዓይን ያጥበረብራል፣ አክሮባት ለሚሠራ ሰውም አደጋ ነው።
- ርችት። ፍላሹ አይደርስም፤ የሚያበራው ከፊትዎ ያለውን ሰው ማጅራት ነው።
- ሮለር ኮስተርና ፈጣን መጫወቻ ላይ ካሜራ ይዘው አይውጡ። ሎከር ውስጥ ያስቀምጡ።
- እንስሳት ያሉበትና የዓሣ ገንዳ መስታወት። በመስታወት ላይ ቀጥታ ያበሩት ፍላሽ ተመልሶ ሌንሱ ውስጥ ይገባል።

## ሲበላሽ፦ ምልክቱና መፍትሔው

ፍላሹ ጭራሽ አይበራም። በቅደም ተከተል ይፈትሹ፦ ተኝቶ እንደሆነ ሹተሩን በግማሽ ይጫኑ፤ ድምፅ አልባው ሹተር፤ መቆለፊያው፤ ባትሪው። ፍላሹ ላይ ባለው «ፓይለት» ቁልፍ ሲሞክሩት ከበራ ፍላሹ ደኅና ነው፤ ችግሩ መሰኪያው ወይም የካሜራው ሜኑ ላይ ነው። የመሰኪያውን ነጥቦች በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ።

ከፎቶው ታች ወይም ላይ ጥቁር ባንድ አለ። ከሲንክ ገደቡ አልፈዋል። 1/160 ይሞክሩ።

ቀን ላይ ሁሉም ነገር ነጣ። አፐርቸር ፕራዮሪቲ (አፐርቸሩን እርስዎ፣ ሹተሩን ካሜራው የሚመርጥበት ሞድ) ላይ ሆነው ኤፍ 2.8 መርጠዋል፤ ካሜራው ከ1/200 በላይ መሄድ ስላልቻለ ብርሃኑ ሞልቶ ፈሰሰ። አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 11 ያጥብቡ ወይም ሃይ ስፒድ ሲንክ ያብሩ።

ማታ በፒ ሞድ (ካሜራው ራሱ በሚመርጥበት) ከኋላ ጨለመ። ካሜራው 1/60 ላይ ተቸክሏል። ወደ ማኑዋል ይመለሱ፣ ወይም ሹተሩን የሚያዘገየውን «ስሎው ሲንክ» ይምረጡ።

ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጨፍናል። ቲቲኤል ከዋናው በፊት የሚያበራው የመለኪያ ብልጭታ ነው የሚያስጨፍነው። የፍላሽ መቆለፊያውን (ካኖንና ሶኒ ኤፍኢኤል፣ ኒኮን ኤፍቪ ሎክ ይሉታል) ቀድመው ይጫኑ፤ ከዚያ ሲያነሱ አንድ ብልጭታ ብቻ ይወጣል። ማኑዋል ኃይልም ይህን ችግር ያጠፋዋል።

በድንገት አንዱ ፎቶ ጠቆረ። ወይ ፍላሹ ሳይሞላ ተጭነዋል፣ ወይ ብርሃን የሚመልስ ነገር ገብቷል፦ የሚያብረቀርቅ ፊኛ፣ የሠራተኛ ሰደርያ፣ የጫማ መስመር። ፊኛውን ከልጁ ጀርባ ይደብቁ።

ነጫጭ ክብ ነጥቦች ፎቶውን ሞሉት። አቧራ፣ ካፊያ ወይም የፏፏቴ ርጭት ከፍላሹ ፊት ነበር። ከውኃው ይራቁ፤ ካልሆነ ያለ ፍላሽ ያንሱ።

የፎቶው ታች ላይ ግማሽ ክብ ጥላ። የሌንሱ ኮፍያ ነው። ያውልቁት።

ፍላሹ ሞቀ ወይም ራሱን ዘጋ። በሙሉ ኃይል ደጋግመው አብርተዋል። አጥፍተው 10 ደቂቃ በጥላ ያሳርፉት፤ ከዚያ አይኤስኦውን ወደ 200 አንስተው አፐርቸሩን በአንድ ስቶፕ ከማጥበብ ይልቅ ወደ ሰዎቹ ይቅረቡ፤ አይኤስኦው የጨመረውን አፐርቸሩ ስለሚቀንሰው ለፍላሹ የሚቀልለት ነገር የለም።

## ውኃና ሙቀት

የውኃ መጫወቻ አጠገብ ፍላሹን በታሸገ ከረጢት ያስቀምጡ። ከቀዝቃዛ አዳራሽ ወደ ሞቃት አየር ሲወጡ ካሜራው በከረጢቱ ውስጥ ሆኖ 15 ደቂቃ ገደማ ይቆይ፤ አለዚያ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል።

ፍላሹ ከረጠበ ወዲያው ያጥፉት፣ ባትሪውን ያውጡ፣ ይሠራ እንደሆነ ለማየት አይሞክሩ። ውስጡ ያለው ካፓሲተር ባትሪው ወጥቶም 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ በምንም ምክንያት በራስዎ አይፍቱት፣ ለጥገና ባለሙያ ይስጡት። ያልረጠበውንም ቢሆን ቤት ሲገቡ ድንጋዮቹን አውጥተው ቻርጀር ላይ ያድርጉ፤ ለወራት ውስጡ የተረሳ ድንጋይ ሲያፈስ የባትሪውን ቤት ያዝገዋል።